«ሥነ ምግብ ደረሳት» ሲባል ለምን እንስቃለን?

ባለፈው ዓመት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ደወለችልኝ። የአንደኛ ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ምደባ ሲወጣ ሥነ ምግብ ደርሷታል። «ምን ትመክረኛለህ?» አለችኝ። እኔም ነገሩን ሳላውቀው «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ወጥ ቤት ልትገቢ ነው?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ስልኩን ዘጋችው።

ውድ አንባብያን፣ ነገ እኛ አስተማሪዎች ነን። ተማሪ «ምን ላጥና?» ብሎ ከወላጁ ቀጥሎ የሚጠይቀው እኛን ነው። እኔ ያንን ቀልድ የቀለድኩት ገና ሳልመረቅ ነው፤ ተመርቄ ብሆን ኖሮማ ልጅቷ ታምነኝ ነበር።

ቆይቼ ይቅርታ ጠየቅኋትና ትምህርቱን አስረዳችኝ። ባዮኬሚስትሪ አለ፣ ፊዚዮሎጂ አለ፣ የምግብ ኬሚስትሪና ስታትስቲክስ አለ። ጤፍ ብረት አለው እያልን እንኮራ የለ? በእህሉ ውስጥ ያለው ብረትና ሰውነታችን የሚወስደው ብረት ለየቅል ናቸው። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን ይዞ አልለቅም ይላል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ምሳ በልተን ወዲያው የምንጠጣው ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱን ይሻማል፤ ሎሚና ቲማቲም ያግዛሉ። እናቶቻችን ማቡካቱን ድሮ ያውቁበታል። ምን ያህል እንደሚጠቅም ለክቶ የሚናገረው ግን ይህ ሙያ ነው።

ሙያው ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሥነ ምግብ ተቋም ነው ፋፋን ያወጣልን። እንዴ! ፋፋ በልተን ያደግን ስንቶች ነን? ያ ዱቄት የላብራቶሪ ሰዎች ድካም ነው። የተቋሙ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል።

ሥራውም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶዎቹ የቀነጨሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ደግሞ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። እነዚህ ልጆች እኮ ዞረው ዞረው የሚመጡት እኛ ክፍል ነው። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስክ ላይ የሚተኛውን ልጅ «ሰነፍ» እንለዋለን፤ ቁርስ መብላቱን ግን አንጠይቅም።

የተመረቀ ሰው የት ይሠራል? ሆስፒታል ውስጥ ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናትን ክብደታቸው ተመዝኖ በሚሰጥ ወተት ማከም፣ ለስኳርና ለኩላሊት ሕሙማን አመጋገብ ማውጣት አለ። የምግብ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር፣ የጤና ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤት ምገባ፣ ምርምር፣ ማስተማር አለ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ሙያውን በመጀመሪያ ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በማስተርስና ከዚያ በላይ ሲያስተምሩ ቆይተዋል።

እውነቱን ግን አንደብቅ። ሥራው በር ከፍቶ አይጠብቅም። ብዙ ተመራቂ ተስፋ የሚያደርገው በእርዳታ ድርጅቶች የኮንትራት ሥራ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆረጥ ፕሮጀክቶች ታጥፈው ሰዎች ቤታቸው ገብተዋል። ይህንንም ለተማሪው መንገር አለብን። እኔ ብጠየቅ ሒሳብና ኬሚስትሪ የማይፈራ፣ ገጠር ወርዶ መሥራት የማይከብደው ልጅ ይግባበት እላለሁ። «ሌላው ሁሉ ሲሞላብኝ የደረሰኝ» ብሎ የሚገባ ግን ይቸገራል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከልምምድ በፊት አንድ ዓርብ ከሰዓት በከተማችን ከሚሠሩት የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አንዱን ጋብዛችሁ ብታስመጡልንስ? አዳራሹን ማጽዳትና ወንበር መደርደር የእኛ ክፍል ሥራ ይሁን፤ ስም የሚመዘገበው እኔ ዘንድ ነው።