ስለ ማሕፀን በር ነቀርሳ ክትባት

ነቀርሳ የተባለው ደዌ በስሙ ብቻ ሰውን ሲያስደነግጥ ኖሯል። ከምን እንደሚመጣ ስላልታወቀ አንዳንዱ የመርገም፥ አንዳንዱም የዓይነ ጥላ ነገር ነው ይል ነበር። ዛሬ ግን ከነቀርሳ ወገኖች የአንዱ፥ ይኸውም የማሕፀን በር ነቀርሳ፥ መነሻውም መከላከያውም ተለይቶ ታውቋል።

መነሻውን የገለጠው ሐራልድ ፁር ሃውዘን የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ሊቃውንት ሌላ ቫይረስ ሲጠረጥሩ፥ እርሱ ኪንታሮት ከሚያወጣው ከፓፒሎማ ቫይረስ ወገን ነው ብሎ በሐሳቡ ጸና። በ1983 እና በ1984 ከረዳቶቹ ጋራ 16ኛውንና 18ኛውን ዓይነት ለይቶ አወጣ፤ ከመቶው በሽታ 70 ያህሉ የሚመጣው ከነዚህ ከሁለቱ ነው። በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ክትባቱ የተሠራበት ጥበብም ሊታወቅ ይገባል፤ ስለ እርሱ ብዙ ከንቱ ወሬ ይወራልና። በ1991 በአውስትራልያ፥ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ፥ ኢያን ፍሬዘርና ጂያን ዡ የቫይረሱን ቅርፊት ብቻ፥ የሚራባበት ዘር ሳይኖርበት፥ ለመሥራት ቻሉ። ይህም ሰይፍ የሌለው አፎት እንደ ማለት ነው። ሰውነት አፎቱን አይቶ የጠላቱን መልክ ያውቃል፥ ይዘጋጃልም፤ አፎቱ ግን ማንንም አያቆስልም። ክትባቱ ልጃገረዶችን ያመክናል የሚሉት ሰዎች ወሬውን ከየት እንዳመጡት ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። የሚያመክነውስ፥ ማሕፀንን ቆርጦ እስከማውጣት የሚያደርሰውም ራሱ ነቀርሳው ነው።

ክትባቱ በ2006 ተፈቀደ። በእንግሊዝ አገር በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡት ሴቶች ዘንድ ይህ ነቀርሳ ከመቶ 87 እጅ መቀነሱ በ2021 ተገለጠ። በ2022 ግን በዓለም ላይ 350,000 ያህል ሴቶች በዚሁ በሽታ ሞተዋል፤ የሚበዙትም በድኾች አገሮች ያሉ ናቸው።

በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2011 ዓመተ ምሕረት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ነገር ግን በትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት ትምህርት ቤት ላልገባችው በቀላሉ አይደርሳትም። ከብት የምትጠብቀው፥ በሰው ቤት የምታገለግለው፥ ያለ ዕድሜዋ የተዳረችው ልጅ፥ ፊደል ሳትቆጥር መቅረቷ ሳያንስ ከመድኃኒቱም ትጎድላለች። እርሷን በቤቷና በገበያው ፈልጎ ማግኘት የወረዳው ሹም ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ማመላለስ ያስቸግራል የሚለውም ምክንያት፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ጊዜ መከተብ ሊበቃ ይችላል ካለ ወዲህ ደክሟል።

የክትባቱ ዕድሜ ላለፋቸው እናቶች ምርመራ አለ። አዋላጅዋ የተበጠበጠ ኮምጣጤ በማሕፀኑ በር ላይ ስትቀባ የታመመው ሥፍራ ይነጣል፤ ነቀርሳ ከመሆኑ በፊትም በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ቫይረሱ ወደ ነቀርሳ እስኪለወጥ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ዓመት ስለሚፈጅ ጊዜ አለ። ሴቶችን የሚያስቀራቸው እፍረት ነው። ደዌው በሩካቤ የሚተላለፍ መሆኑን የሰማ ሁሉ በታመመችው ላይ ሐሜት ያነሣል፤ ለባሏ የታመነች ሴት ግን ባሏ ከጋብቻው በፊት ከያዘው ቫይረስ ልትታመም ትችላለች። ይህን ለመናገር ከሐኪም ይልቅ የንስሐ አባት ይቀርባል፤ ከባልየውም ከሚስቲቱም ጋራ በአንድ ቤት ተቀምጦ የሚሰማ እርሱ ነውና። ምርመራው ራሱ ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይቆይም።