ሲሊኮን ጨምርበት

የሲያትል ዝናብ እንደ አዲስ አበባ የሐምሌ ዶፍ አንዴ ወርዶ አይገላግልም። ሲያካፋ ይውላል፣ ሲያካፋ ያድራል። ከልጄ ጋር ጋራዥ ውስጥ ወራት የለፋንባትን ተጎታች ያጋለጠብን ይኸው ካፊያ ነው። ሬኒየር ተራራ ግርጌ ባደርንበት የመጀመሪያ ሌሊት ውሃው በኋላ ክዳኑ ማጠፊያ ሾልኮ የሽሮው ዕቃ ውስጥ ገባ። ሽሮው እሳት ሳያይ ተበጠበጠ።

ተጎታቿ አሜሪካኖች «ቲርድሮፕ» የሚሏት ናት፤ ከጎን ሲያዩዋት የእንባ ጠብታ ትመስላለች። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሰው በየጓሮው ሲሠራት ኖሯል። ሁለት ሰው ታስተኛለች፤ ወጥ ቤቷ ከኋላ ክዳን ሥር ነው። ልኳ ብዙውን ጊዜ 4 በ8 ጫማ የሆነውም ኮምፖርሳቶ በዚያ ልክ ስለሚሸጥ ነው። ጣጣው ያ ክዳን ነው። ጣሪያ ቆርጦ መልሶ በማጠፊያ ማገናኘት ቤት አናት ላይ በር እንደ መክፈት ነው።

ለነገርኩት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ሲሊኮን ጨምርበት!» ጨመርኩ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የተለጠፈ ሲሊኮን ግን ጠርዙ ይላቀቃል። የባሰው ደግሞ፣ አንዴ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ሌላ ማጣበቂያም፣ አዲሱ ሲሊኮን ራሱም በወጉ አይዝም። ፍቄ ለማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ስፍቅ ያደግኩበት ቤት ትዝ አለኝ። ክረምት ሲገባ ሬንጅ ይዘን ጣሪያ ላይ የምንወጣው የምስማር ቀዳዳ ለመድፈን ነበር። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ በተደረበበት ግን ማንም ምንም አይቀባም፤ የላይኛው የታችኛውን ይጋርዳል፣ ውሃው መንገዱን ይሄዳል። ምስማሩም የሚመታው ቦዩ ላይ ሳይሆን ጉብታው ላይ ነው። በዚያ ጣሪያ ሥር አድጌ የፒያኖ ማጠፊያ መግጠሜ ያሳፍራል። እሱ ጥርስ በጥርስ የተሰካካ ነው፤ በየጥርሱ መሀል ክፍተት አለ። ሀይዌይ ላይ ደግሞ ነፋሱ ውሃውን ሽቅብ ይገፋዋል።

አሁን ያለው ማጠፊያ «ሀሪኬን» የሚባለው ነው፤ አንዱ አሉሚኒየም ሌላው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰካል፣ ጥርስ የለውም። ከሥሩ የማይደርቅ ቡቲል ቴፕ አነጠፍኩ። የቪቴውን ቀዳዳዎች አስፍቼ በኢፖክሲ ሞላሁና ሲደርቅ እንደገና በሳሁ፤ እንጨቱ በቀዳዳው በኩል ውሃ እንዳይጠጣ።

አሁንም አፈሰሰ! ልጄ ባትሪ ይዞ ውስጥ ገባ፤ ማጠፊያው ሥር ሶፍት ደረደርን፤ እኔ ከውጭ በጎማ ውሃ ለቀቅኩ።

«አባዬ፣ መሀሉ ደረቅ ነው! ጥጉ ጋ ነው የረጠበው!»

ማጠፊያውን ከግድግዳው እኩል ቆርጬው ኖሯል። በውስጡ ተጉዞ ጫፍ ላይ የሚወጣው ውሃ ቀጥታ ግድግዳው መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል። ረዘም ያለ ገዝቼ በሁለቱም በኩል አውራ ጣት ያህል አሳለፍኩት። ከሥሩም የፕላስቲክ ቧንቧ ለሁለት ሰንጥቄ አሸንዳ ሠራሁለት፤ ሾልኮ የሚገባው ይገባና በጎን ይወርዳል።

ባለፈው ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ አደረ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ምድጃው ደረቅ ነበር። ባለቤቴ ግን የሽሮውን ዕቃ አሁንም መኪናው ውስጥ ነው የምታሳድረው።