ባሕር ዛፍና መኖሪያ ቤት

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ዛፍ መሆኑ አይካድም። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ ምስጋና ግን ከቤት ጥግ ለመተከል አያበቃውም።

ብዙ ባላገር ችግኙን ከግድግዳው አጠገብ የሚተክለው ለጥበቃ እንዲያመቸው ነው፤ ሐሳቡ አያስነቅፍም። ዳሩ ግን የዛፉ ሥር ውሃ ፍለጋ ወደ ጎን ርቆ ስለሚሄድ የጓሮውን እርጥበት ይመጥጣል። ጎመኑና ጌሾው ይቀጭጫል፤ ጥልቀት የሌለው የውሃ ጉድጓድም በበጋ ሊነጥፍ ይችላል። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ረግፎ በሣር ክዳን ላይ ሲከማች ለእሳት የተመቸ ነው። ረጅሙ ግንድ በነፋስ ተገንድሶ የጎረቤት ጣራ ሲሰብር ደግሞ ጣጣው ከአንድ ግቢ አልፎ የሰፈር ጠብ ይሆናል።

ስለዚህ ባሕር ዛፍ ከቤት፣ ከጉድጓድና ከእርሻ ርቆ፣ ለእህል በማይሆን ተዳፋት ላይ ቢተከል ይሻላል። ለደጅ ጥላ ዋንዛ አለ፤ እርሱም ቢሆን ከግድግዳ ፈቀቅ ይበል እንጂ ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ ፍሬውንም ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል።