ርዕሰ መምህር ወይስ ርዕሰ ካድሬ?

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ አበው። ስለ ትምህርት ውድቀት ስናወራ ግን ተማሪውን እንወቅሳለን፤ መምህሩን እንራገማለን። አናቱን የሚነካ የለም! አናቱ ማን ነው? ርዕሰ መምህሩ ነዋ!

ቡራዩ ጎረቤቴ የሆነች እናት በቀደም ዕለት ወረቀት ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ እስኪ ይህን እየው» አለችኝ። ከልጇ ትምህርት ቤት የተላከ ነው። በቁቤ ስለተጻፈ ማንበብ አትችልም። ልጁ «ጎበዝ ነው ይላል» ብሎ ተርጉሞላታል! እኔ ኦሮምኛ እንደ ነገሩ እሞካክራለሁና አየሁት፤ «ከክፍል ስለሚቀር ወላጅ ይምጣ» ይላል። ተያይዘን ሄድን። ርዕሰ መምህሩስ? «ስብሰባ ሄዷል!» በሦስተኛው ቀንም ስብሰባ ላይ ነበር። ስብሰባ ልጅ የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ የት በደረስን!

ልብ በሉ፤ ቁቤ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። በንጉሡ ዘመን የኦሮሞ ልጅ በማያውቀው አማርኛ ሲማር ያየውን አበሳ እናውቃለን። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ብሏል። ታዲያ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ተወልዶ አፉን በአማርኛ የፈታውስ ልጅ አይደለም እንዴ? ገንዘብ ያለው ልጁን በታክሲ አየር ጤና፣ አስኮና ሽሮ ሜዳ ያመላልሳል። የሌለውስ?

እንዲህ ያለው ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ክስ ላይ፣ ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ እንደሌላው አንድ ዓይነት መጽሐፍና መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት አይባልም ሲል ወሰነ። ዛሬ እዚያ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች ለበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሆን ርዕሰ መምህር ለይተው የሚያሠለጥኑ አሉ።

እኛስ? ትምህርት ሚኒስቴር ለርዕሳነ መምህራን የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ካስጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ግን ሰውየው የሚሾመው በችሎታው ሳይሆን በታማኝነቱ ከሆነ ዲፕሎማው ምን ይፈይዳል? በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ታፔላው ተቀየረ፤ ወንበሩስ?

ሹመቱ በውድድር ይሁን። ሠልጣኙ ቋንቋው የተለየ ወላጅና ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ ይማር። ደብዳቤው በሁለቱም ቋንቋ ይላክ። ኦሮምኛ ለከበደው ልጅ የማጠናከሪያ ክፍል ይከፈት። ይሄ ሁሉ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም! የሚጠይቀው ቢሮው የሚገኝ ርዕሰ መምህር ብቻ ነው።

ያቺ እናት ዛሬም «ስብሰባ ሄዷል» እየተባለች ትመላለሳለች። ልጁም መተርጎሙን ቀጥሏል።

ቸር ያሰንብተን!