“ይረፉ” ማለት “ይተኙ” ማለት አይደለም!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አዲስ በሽታ ወይም ስለ አዲስ መድኃኒት አይደለም። ስለ አንዲት ቃል ነው። እኛ ሐኪሞች በየቀኑ የምንናገራት፣ ሰው ሲታመም በየቤቱ የምትባል፣ ግን ብዙ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን አልጋ ላይ ያስቀረች ቃል ናት፦ “ይረፉ።”

ከአንዲት ታካሚዬ ልጀምር። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

የ71 ዓመት እናት ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ከመውደቃቸው በፊት ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲሙን ራሳቸው ወርደው ነው የሚገዙት። ቡና አፍልተው ጎረቤት የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ማለዳ ባኞ ቤት ውስጥ እርጥቡ ሴራሚክ አዳለጣቸውና ሲወድቁ በእጃቸው ተደገፉ። የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። ኤክስሬይ ተነሱ፣ አጥንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ጀሶ ታሰረላቸው። እኔም “እማማ፣ በቂ እረፍት ያድርጉ እሺ? ከ6 ሳምንት በኋላ ጀሶውን እናወጣለን” ብዬ ሸኘኋቸው።

ከ6 ሳምንት በኋላ መጡ። ጀሶው ተፈታ፣ ኤክስሬዩም ጥሩ ነው፣ አጥንቱ ይዟል። ደስ ብሎኝ “በቃ ድነዋል” ልላቸው ስል ነው ልብ ያልኩት፤ የገቡት በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ነው።

“ምነው እማማ፣ እግርዎን አመመዎት እንዴ?”

ልጃቸው ቀደመችኝ። “አይ ዶክተር፣ እግሯ ምንም አልሆነም። እረፍት ታድርግ ስላላችሁን እኮ ከአልጋ አላስነሳናትም። ምግቧም እዚያው ነው፣ ሽንቷንም በፖፖ ነው። አንድ ቀን እንኳን አላጎደልንባትም።”

“እስቲ ከወንበሩ ይነሱ” አልኳቸው። ሁለቴ ሞከሩ፣ ሁለቴም ተመልሰው ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አይተውኝ “እርጅና ነው ልጄ” አሉኝ።

የተሰበረው እጃቸው ነው። መነሳት ያቃተው ግን እግራቸው። ይሄ ደግሞ እርጅና አልነበረም፤ 6 ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ነው ያመጣው። ልጃቸው አልበደለቻቸውም፤ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የሚያርፈው የትኛው አካል እንደሆነ ሳልናገር “ይረፉ” ብዬ ሰደድኳቸው።

አልጋ ምን ያደርጋል?

መድኃኒት ሁሉ መጠን አለው፣ የጎንዮሽ ጉዳትም አለው። እረፍትም እንደዚያው ነው፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ጡንቻችን ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። መተኛት ይህንን የዓመታት መቀነስ ወደ ቀናት ያሳጥረዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር፤ ከእግራቸው ላይ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። ልብ በሉ፦ ሳይታመሙ፣ ሳይሰበሩ፣ በ10 ቀን!

የ25 ዓመት ልጅ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም ብሎት ሁለት ሳምንት ቢተኛ፣ የሚያጣው ከትርፉ ነው፤ ተነስቶ ይመልሰዋል። የ71 ዓመት እናት ስትተኛ ግን የሚቀነሰው ከዋናው ነው። ከወንበር ለመነሳት፣ ደረጃ ለመውጣት፣ ባኞ ቤት ለመድረስ በቃኝ ይበቃ የነበረው አቅም ያልቃል።

ጡንቻ ብቻ አይደለም። ብዙ ቀን የተኛ አዛውንት የእግር ደም ሥሩ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ያ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል። ሳንባ ምች ይይዛል። ወገብና ተረከዝ ላይ ቁስል ይወጣል። ሆድ ይደርቃል። ብድግ ሲሉ የደም ግፊት ወርዶ ያዞራል፣ እንደገናም ይጥላል። ቀንና ሌሊቱ ይምታታል፣ ሰው ይከፋዋል፣ አንዳንዴም ይቀባዥራል። ቤተሰብም ይህንን ሁሉ አይቶ “በቃ ደከሙ፣ ዕድሜ ነው” ይላል።

“እርጅና ብቻህን ና” የሚል አባባል አለን። እውነት ነው፣ ብቻውን አይመጣም። ግን አብሮት ከሚመጣው ውስጥ ቀላል የማይባለውን የምንጠራው እኛው ነን።

“እናቴን ላሠቃያት ወይ?”

ይህንን ጥያቄ በደንብ እረዳዋለሁ። እኛ ጋ እናትን መጦር ማለት ከወንበር አለማስነሳት ነው። ቀና ብላ ሰሃን ልታነሳ ስትል “ኧረ ተይው እማዬ!” ብለን እንነጥቃታለን። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድም ልትቀበለው ስትነሳ ካየ “አትነሺ፣ አትነሺ፣ ተኚ” ነው የሚለው። ክራንች ወይም ከዘራ ይዛ ኮሪደር ላይ ስትንገዳገድ ጎረቤት ቢያይ ደግሞ “እናቷን ታንከራትታለች” ይባላል ብለን እንሰጋለን።

ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ አልክድም። ግን በሐኪም ዓይን ሳየው፣ ሰሃኑን በነጠቅናት ቁጥር አንድ እንቅስቃሴ ነው የነጠቅናት። ለእናንተ ሰሃን ማንሳት ሥራ ነው፤ ለሷ ግን ስፖርት ነው፣ ክብርም ነው፣ “ዛሬም አለሁ” ማለትም ነው። እኔ በበኩሌ፣ እናትን መጦር ማለት የምትችለውን ሁሉ መንጠቅ ሳይሆን የምትችለውን እንዳታጣ አጠገቧ መቆም ነው ብዬ አምናለሁ።

የዳሌ ስብራት ሲሆንስ?

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። አንድ አዛውንት ወድቀው እግራቸውን መርገጥ ካቃታቸው፣ በተለይ እግሩ አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያለባችሁ ዛሬውኑ ነው። አትሹት፣ አትጎትቱት።

ብዙ ቤተሰብ “በዚህ ዕድሜ ምን ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ እቤት ይተኙና እግዜር ያውቃል” ይላል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ለአዛውንት የዳሌ ቀዶ ጥገና የሚደረግበት ዋናው ምክንያት ቶሎ ከአልጋ እንዲነሱ ነው። የሚመከረው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲሠራና ሐኪሙ ካልከለከለ በማግስቱ ተደግፈው እንዲቆሙ ነው። ቀዶ ጥገናው አደጋ የለውም አልልም፤ አለው። ሳይሠሩ ለወራት መተኛት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ የባሰ አደጋ አለው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በየሰፈሩ ፊዚዮቴራፒ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያለውም ዋጋው ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ብዙ ኮንዶሚኒየምም ሊፍት የለውም። ስለዚህ እቤት የሚቻለውን ልንገራችሁ።

1. ሐኪሙ “ይረፉ” ሲል ዝም ብላችሁ አትውጡ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የሚያርፈው የትኛው አካል ነው? ለስንት ጊዜ? እስከዚያ ድረስ ምን ምን መሥራት ይችላሉ? ጥያቄው ሐኪሙን አያስቀይመውም። ቢያስቀይመውም ጠይቁ።

2. እጅ ጀሶ ውስጥ ቢሆንም ጣቶች፣ ክርንና ትከሻ ነጻ ከሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ አለባቸው። አለዚያ አጥንቱ ድኖ ትከሻው ይደርቃል። ጣቶቹ ካበጡ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ጀሶው ጠብቆ ሊሆን ይችላል።

3. ወጌሻ ጋ የምትሄዱ፣ መጀመሪያ ኤክስሬይ ተነሱ። የተሰበረ ቦታ ሲታሽና በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም መድረስ አቅቶት እጅና እግር እስከ መቆረጥ የደረሱ ሰዎች አሉ።

4. እግራቸው ጤነኛ ከሆነና ሐኪም ካልከለከለ፣ ከወንበር የመነሳት ልምምድ ያድርጉ። የማይነቃነቅ ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ አስቀምጡ፣ አጠገባቸው ቁሙ። 5 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ፣ በቀን 3 ጊዜ። ሲለምዱት ወደ 10 ከፍ አድርጉት። ቀላል ይመስላል፤ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻን የሚያሠራ ዋና ልምምድ ነው። ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ካዞራቸው ግን ይቁም።

5. የቀን ሥራቸውን በትንሽ በትንሹ መልሱላቸው። ምግብ አልጋ ላይ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር ገበታ ላይ ይብሉ። ባኞ ቤት ተደግፈው ይሂዱ። በየሰዓቱ ኮሪደሩ ላይ ደርሰው ይመለሱ።

6. የተጎዳ ሰውነት ምግብ ይፈልጋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ጥሩ ነው። ጾም ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር አብዙላቸው። ምግብ እየቀነሱ ከሆነና ደክመው ከሆነ ደግሞ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። የጠዋት ፀሐይም አትርሱ።

7. ሕመሙ ካልታገሰ ማንም አይንቀሳቀስም። ግን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዛችሁ ለሳምንታት አትስጧቸው። በዚህ ዕድሜ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል። ለሕመሙ የሚስማማቸውን ሐኪማቸው ይንገራችሁ።

8. ሁለተኛው መውደቅ እንዳይመጣ ቤቱን እዩት። ባኞ ቤት ውስጥ የማያንሸራትት ንጣፍና ግድግዳ ላይ የሚያዝ ብረት፣ የሌሊት መብራት፣ ጫፉ ያልተነሳ ምንጣፍ፣ ከኋላ ተረከዝን የሚይዝ ጫማ። ዓይናቸውም ይታይ፤ የሚወስዱት የግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት እያዞራቸው እንደሆነም ጠይቁ።

9. ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከቁመቱ ብቻ ወድቆ አጥንት ከተሰበረ፣ አጥንቱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ጀሶው ስለተፈታ ነገሩ አላለቀም፤ ስለ አጥንት መሳሳት ምርመራና ሕክምና ሐኪሙን ጠይቁ። ቀጣዩ ስብራት ዳሌ እንዳይሆን።

እናቲቱስ?

ልጃቸው በየቀኑ ጠዋትና ማታ ወንበር ላይ ታስነሳቸው ጀመር። መጀመሪያ ሁለት እጃቸውን ይዛ፣ ቀጥሎ አንድ እጃቸውን፣ ከዚያ ዝም ብላ አጠገባቸው ቆማ። ከሁለት ወር በላይ ፈጅቷል። አሁን ከዘራ ይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ፤ ሲወጡ ግን በየፎቁ ያርፋሉ። ገበያው ገና ነው። በፊት የነበሩበት ላይ ሙሉ በሙሉ ይመለሳሉ ብዬ ዋሽቼ አላጽናናችሁም። እነዚያ 6 ሳምንታት ያስከፈሉት ዋጋ አለ።

ባለፈው ለክትትል ሲመጡ ግን ከወንበሩ ማንንም ሳይዙ ተነሱና “ዶክተርዬ፣ እሑድ ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ” አሉኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ላይ “እረፍት” ብዬ ብቻ መጻፍ ትቻለሁ። “እጃቸው ይረፍ፣ እግራቸው ይሥራ” ብዬ ነው የምጽፈው። ነርሶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁ ሰሃን ልታነሳ ብድግ ካለች፣ እስቲ አንድ ጊዜ አትንጠቋት። አጠገቧ ቁሙና ታንሳ።

(ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምርመራን የሚተካ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የወደቀ አዛውንት ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።)