የሁለተኛው ሳምንት ፀጉር

ሐይቅም ይሁን ውጫሌ የወንዶች ፀጉር ቤት ሲገቡ መስታወቱ አጠገብ ያ የምናውቀው ፖስተር ይቀበልዎታል። ቁጥር የተሰጣቸው ጎረምሶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ጎኑን ተላጭቶ አናቱን አስረዝሟል፣ ሌላው ቅንድቡ ላይ ሳይቀር መስመር አስወጥቷል። አሁን አሁን ፖስተሩን ስልክ እየተካው ነው። ልጁ የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶ አውጥቶ «እንደዚህ» ይላል፤ አለቀ። እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ስለ ፎቶ አንድ ነገር ልንገርዎት። የማስታወቂያ ፎቶ የሚነሳው ዕቃው እጅግ ባማረበት ደቂቃ ነው። የፖስተሩ ልጅም ፎቶ የተነሳው ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ነው። እርስዎ ግን ፀጉሩን ይዘውት የሚኖሩት ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

ስለዚህ «የትኛው ያምርብኛል?» ከማለትዎ በፊት «ከ15 ቀን በኋላ ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁ። ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ይህ ለአፍሮ ምንም አይደለም። ከቆዳ ተነስቶ ወደ ላይ እየጠቆረ የሚሄደው ፌድ ግን ውበቱ ሁሉ በሚሊ ሜትር ልዩነት የተሠራ ስለሆነ፣ ግማሽ ሴንቲ ሲያድግ ልፋቱ ይጠፋል። ደሴ ቢሮ ውሎ በየሁለት ሳምንቱ ፀጉር ቤት ለሚደርስ ሰው ፌድ ደስ ይላል። አምባሰል ገጠር ቀበሌ ውስጥ የሚያስተምርና ደመወዝ ሲወጣ ብቻ ከተማ የሚገባ መምህር ግን አሥሩን ቀን አምሮበት ሃያውን ቀን ኮፍያ ሊያደርግ ነው። ለእሱ የጎኑና የአናቱ ርዝመት የተቀራረበ፣ እኩል እያደገ የሚሄድ አጭር ቁርጥ ይሻለዋል። ርካሽም ነው።

ስለ ፊት ቅርጽ ብዙ ይባላል፤ ሁለት ነገር ይበቃል። ፊትዎ ክብ ከሆነ አናቱ ከጎኑ ትንሽ ከፍ ይበል። ረዘም ያለ ከሆነ አናት ላይ አይከምሩ፣ ጎኑንም እስከ ቆዳ አያስወርዱት።

ግንባሩ ወደ ኋላ መሸሽ ለጀመረ ሰው ነገሩ ከቅርጽ ያልፋል። ሠላሳዎቹ ውስጥ የገባን ወንዶች እንተዋወቃለን፤ ፎቶ ሲነሳ ኮፍያውን የማያወልቅ ጓደኛ የሌለው ማን አለ? ፀጉር አስተካካዩ መስመሩን ቀጥ ለማድረግ ፊት ለፊቱን በነካካ ቁጥር ግንባሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሰፋል። የጎደለውን በጥቁር ቀለም መሙላትም ተጀምሯል፤ ላብ ሲመጣ ሸሚዝዎ ላይ ይፈርማል። ይልቅ ጎኑንም አናቱንም አብረው ያሳጥሩት። የሳሳው ከሞላው ጋር ሲቀራረብ ዓይን አያርፍበትም፤ የረዘመ ፀጉር ግን መሳሳቱን ያጎላዋል። ሚስትዎን ከሆነ የሚደብቁት፣ እሷ ቀድማ አይታዋለች።

ማጅራትዎንም አይርሱ። የእኛ ከርዳዳ ፀጉር በምላጭ ከሥሩ ሲላጭ፣ ሲያድግ ተጠምዝዞ መልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ያ እንደ ሽፍታ የሚያሳክከው እብጠት የሚመጣው በዚህ ነው። እየተደጋገመ ከሄደ ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። እብጠት የሚወጣብዎ ከሆነ ማጅራትዎን ምላጭ አያስነኩ፤ ማሽኑም ትንሽ ያስቀርልዎ። ከጠነከረ የቆዳ ሐኪም ያሳዩ፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው የሚታወቅ ነው። ምላጭ የግድ ካስፈለገ ደግሞ አዲሱ ዓይንዎ እያየ ይከፈት። ሄፓታይተስ ቢ የሰው ደም በነካ ምላጭ ይተላለፋል። ላሽ ደግሞ ካልጸዳ ማሽን ወደ ልጅዎ ራስ ይሻገራል።

ስለ ልጅ ካነሳን አይቀር፣ በየቤቱ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው የጎረምሳው ሹሩባ ነው። «ይህ ባህላችን አይደለም» የሚሉ አባት ካሉ፣ ከአምባሰል ብዙም ወደማይርቀው ወደ መቅደላ ይመልከቱ። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የነበረው የፀጉራቸው ዘለላም ለኢትዮጵያ የተመለሰው መጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የነበሩት አርበኞችም ጎፈሬያቸውን አሳድገው በየዱሩ ተዋግተዋል። ትምህርት ቤቱ የሚከለክል ከሆነ «ትምህርት ቤትህ አይፈቅድም» ይበሉት፤ እሱ እውነት ነው። ባህልን ግን ምስክር አይጥሩ፤ ልጁ ታሪክ ተምሮ ቢመጣ ያሳፍርዎታል።

ከተፈቀደለትም ሹሩባ የሁለተኛውን ሳምንት ፈተና በቀላሉ ያልፋል። ብቻ ጠብቆ አይሠራ። ሌሊት ራሱን የሚያመው ከሆነ ሥሩን እየጎተተው ነው ማለት ነው፤ ለወራት እንዲህ የተጎተተ ፀጉር በግንባርና በጆሮ ዙሪያ ይነቀላል።

ጥር እየመጣ ስለሆነ ለሙሽሮች አንድ ነገር ልጨምር። በሠርጉ ዋዜማ ከቶ የማያውቁትን አዲስ ቁርጥ አይሞክሩ። ከወር በፊት አንድ ጊዜ ይቆረጡትና በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆመው ይዩት። ከወደዱት ለሠርጉ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ይድገሙት፤ የተቆጣው ቆዳ እስከዚያ ይበርዳል። ጠዋት የተረፈች ፀጉር ካለች ሚዜው በመቀስ ያንሳት፤ እጁ የማይንቀጠቀጠው ሚዜ ግን ይመረጥ።