ልጆቻችሁን ወደ ቴክሳስ ለምትልኩ ወላጆች

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣

ልጃችሁ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ሲያገኝ እዚህ ላለነው ትደውሉና ስለ ክፍያው፣ ስለ ማደሪያውና ስለ ምግቡ ትጠይቃላችሁ። ስለ ሽጉጥ የሚጠይቅ ግን የለም። አገር ቤት ተማሪ ወደ ግቢ የሚገባው በር ላይ ተፈትሾ ነውና፣ ሽጉጥ ይዞ ክፍል መቀመጥ ይፈቀዳል ብሎ ማን ያስባል? እዚህ ይፈቀዳል።

ሕጉ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ሸሽጎ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል፤ ፈቃዱን ለማውጣት በአብዛኛው 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው አንዳንድ ቦታዎችን ቢከለክል እንጂ ግቢውን በሙሉ መዝጋት አይችልም። የግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን የመከልከል መብት አላቸው፤ ራይስ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉት ተጠቅመውበታል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 2016 ነው። ከዚያ ልክ 50 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ቀን፣ አንድ ታጣቂ ኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ወጥቶ ከ10 በላይ ሰዎች ገድሏል።

የሕጉን ደጋፊዎች ሐሳብ እንዲሁ አልንቅም። በ1991 ኪሊን ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው 23 ሰዎችን ሲገድል፣ እዚያው የነበረችው ሱዛና ሃፕ እናትና አባቷን አጥታለች። በጊዜው የቴክሳስ ሕግ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝን ይከለክል ስለነበር ሽጉጧን መኪና ውስጥ ትታ ነበር የገባችው። ኋላ የሕዝብ ተወካይ እስከመሆን ደርሳ ሰው ራሱን የመከላከል መብት እንዲኖረው ስትሟገት ኖራለች። እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበትን ሰው ማድመጥ ይገባል።

ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ቦታ ነው። ወጣቶች ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ዘርና ስለ ፖለቲካ ፊት ለፊት እንዲከራከሩ የተሠራ ነው። ኦስቲን ያሉ ሦስት መምህራን፣ ተማሪ ሽጉጥ ይዞ ሊሆን ይችላል የሚለው ስጋት የክፍል ውይይትን ያፍናል ብለው በሕጉ ላይ ክስ መሥርተው ነበር፤ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ለማቅረብ የሚያበቃ ጉዳት አላሳዩም ብሎ ዘጋው። ፍርዱ እንዲህ ቢሆንም ስጋታቸው እውነት ነው እላለሁ። ብዙዎቻችን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀልበት ቤት ወጥተናል። ያ ጠመንጃ ግን የሚታይ ነበር፤ ማን እንደያዘ ይታወቃል፣ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ማንን እንደሚያረጋጋ ያውቃል። የተሸሸገ ሽጉጥ ማንንም ስለማያሳውቅ ሁሉንም ያስጠረጥራል። ውጤቱ የተበላሸበት ተማሪ የመምህሩን ቢሮ ሲያንኳኳ፣ መምህሩ ከልጁ ጥያቄ ይልቅ ቦርሳውን ያስባል። እንዲህ እየተፈራሩ መማማር አይቻልም።

ስለዚህ ልጃችሁ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ሽጉጥ መግዛትም ሆነ መያዝ በፌዴራሉ ሕግ በጥቅሉ ክልክል ነው፤ የአደን ፈቃድን የመሳሰሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ አሉ። የቴክሳስ ልጅ ጓደኛው የተፈቀደለት ለእሱ አልተፈቀደም። ጓደኛው «እስቲ ያዘው፣ ተኩሰህ ሞክር» ቢለው እንኳ እምቢ ይበል፤ መዘዙ እስርና ከአገር መባረር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲውን ደንብ፣ በተለይ ማደሪያውን የሚመለከተውን፣ ከመግባቱ በፊት ያንብብ።

ለእናንተም አደራ አለኝ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ሐዘኑ ሲበረታ «ልጆቻችን ራሳቸውን ይጠብቁ» የሚል ድምፅ ሊነሳ ይችላል። ያን ጊዜ አትስማሙ። ተማሪን መጠበቅ የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ነው፤ ግዴታቸውን እንዲወጡ ጠይቁ፣ በር ላይ ያለው ፍተሻም እንዳይላላ ተከራከሩ።

አክባሪያችሁ፣
ከዳላስ፣ ቴክሳስ